ሰማያዊው የኮምፒዩተር ልብስ

ከሚሊኒየሙ በኋላ ባሉት ዓመታት ቃሊቲ፣ ከባድ መኪኖች ከሚቆሙበት ሜዳ አጠገብ፣ በአንድ የመጋዘን ግቢ መዝገብ ቤት ውስጥ እሠራ ነበር። አሥራ ሁለተኛን በማታ ትምህርት የጨረስኩት ሠላሳን ካለፍኩ ወዲያ ስለሆነ፣ ጠረጴዛዬ ላይ ኮምፒዩተር ሲቀመጥልኝ እንደ ሹመት ነው የቆጠርኩት። አቧራ እንዳይገባው ልብስ የሰፉለት የቢሯችን ጽዳት ሠራተኛ ናቸው። ከቤታቸው አሮጌ መጋረጃ ቆርጠው፣ ሰማያዊ ከፋይ፣ ጠርዙን በነጭ ክር ዘምዝመው። እትዬ እላቸው ነበር።

ማታ ኮምፒዩተር ያስተምረን የነበረው መምህር አንድ ቀን ስለ አንድ ፕሮግራም ነገረን። ተመራማሪዎች ስሌት ሲበዛባቸው ቆራርሰው በየአገሩ ላሉ ፈቃደኞች ይልካሉ፤ የፈቃደኛው ኮምፒዩተር ባለቤቱ በማይሠራበት ሰዓት ሲያሰላ ይቆይና ውጤቱን በኢንተርኔት ይመልሳል። "ሥራ ፈቶ ከሚቀመጥ ለወባ መድኃኒት ይሥራ" አለን። አባቴ የባቡር ሠራተኛ ነበር፤ ከአዋሽ ይዞት የመጣው ወባ ጊዜ እየጠበቀ ሲያንዘፈዝፈው አይቻለሁ። ማንንም ሳላስፈቅድ መሥሪያ ቤቱ ኮምፒዩተር ላይ ጫንኩት።

መጀመሪያ ነገሩ ስለ አባቴ ነበር። በኋላ ስለ ነጥቡ ሆነ። ፕሮግራሙ ማሽኑ ላሰላው ሁሉ ነጥብ እየሰጠ ፈቃደኞቹን በደረጃ ይዘረዝራል፤ ስሜ ከማላውቃቸው የሌላ አገር ሰዎች መካከል ከፍ ከፍ ሲል በየጠዋቱ አያለሁ። ማሽኑ ከጠፋ ወደ ታች እወርዳለሁ ብዬ፣ ከሥራ ስወጣ ስክሪኑን ብቻ አጠፋና መሥራቱ እንዳይታወቅ የከፋይ ልብሱን እስከ ጠረጴዛው አወርድበታለሁ። መዝገብ ላይ አንድ ቁጥር ብትዛነፍ ሰው የማስለቅስ ሴት፣ የሚሞቅ ዕቃ አየር እንደሚፈልግ አላሰብኩም።

አንድ ሰኞ ጠዋት ቢሮው የተቃጠለ ላስቲክ ሸተተ። ማሽኑ አልነሳ አለ። ኃላፊያችን ልብሱን ገልጦ አየና ወደ እትዬ ዞረ።

"በእርጥብ ጨርቅ ወልውለውታል አይደል?"

"ኧረ ጌታዬ፣ ውሃ አስጠግቼበት አላውቅም።"

"ታዲያ ምን ነካው?"

የንብረት ክፍሉ ሠራተኛ በበሩ ብቅ ብሎ፣ "ጥምቀት ሳይደርስ አጠመቁት እንዴ?" አለ። ሰው ሳቀ። እኔም ፈገግ አልኩ። ከሁሉም ይበልጥ ማስታወስ የማልወደው ይህንን ነው።

እትዬ አንድ ጊዜ ቀና ብለው አዩኝና መጥረጊያቸውን አንስተው ወጡ። የፈሩ መስሎኝ ነበር።

በዚያው ሳምንት ወደ ግቢ ጠረጋ ተዛወሩ። ደረታቸው አቧራ አይችልም፤ ቢሮ ውስጥ የገቡትም የሐኪም ወረቀት ይዘው፣ ለምነው ነበር። መስኮቴ ግቢውን ያሳያል። ሻሻቸውን አፍና አፍንጫቸው ላይ አስረው፣ መኪና ባለፈ ቁጥር መጥረጊያውን ተደግፈው ይስላሉ። ዛሬ እናገራለሁ እያልኩ ቀኑ ይመሻል። ዲፕሎማ ጀምሬ ነበር፤ ከተባረርኩ በምን እማራለሁ እላለሁ ለራሴ። ክረምት ሲገባ እትዬ ሥራውን ተዉት።

ከወራት በኋላ ብርቱካን ይዤ አቃቂ ቤታቸው ሄድኩ። አልጋቸው ላይ ጋደም ብለዋል። ገና ሳልቀመጥ፣ "እትዬ፣ ያንን ኮምፒዩተር ያቃጠልኩት እኔ ነኝ" አልኳቸው።

"አውቃለሁ።"

"እንዴት?"

"ጠዋት ጠዋት አቧራውን ላራግፍ ልብሱን እገልጠው የለ? ያቺ አረንጓዴ መብራት በርታ፣ ሆዱ እንደ ምጣድ ግሎ። ትምህርትሽን የሚሠራልሽ መሰለኝ። ስንት ዓመት ዘግይታ የጀመረች ልጅ፣ እኔ ተናግሬ ላስቆማት?"

ለትምህርቴ እንዳልነበረ ነገርኳቸው። ስለ ወባው፣ ስለ ተመራማሪዎቹ፣ ስለ አባቴም ነገርኳቸው። ስለ ነጥቡ ግን ትንፍሽ አላልኩም።

"ለበሽተኛ ከሆነማ ደግ ሠራሽ፣ ልጄ" አሉና ሳላቸው ያዛቸው። ውሃ ቀድቼ ሰጠኋቸው። ጠጡና መረቁኝ።