ወደ አብነት የደወልኩት ስልክ

ይህን ጉዞ መጻፍ ይገባኝ እንደሆነ እስካሁን እርግጠኛ አይደለሁም። የቆየሁት አንድ ሳምንት፣ የሄድኩትም ከቡታጅራ ልደታ ድረስ ብቻ ነው። ደግሞም የሰው ምስጢር አንዴ በእኔ አፍ ወጥቷል፤ አሁን በጽሑፍ ልድገመው? ባለታሪኳን በሰው በኩል አስጠየቅኳት። «ትጻፈው፤ ስሜንና የአሁኑን ቤቴን በር ግን አትጻፍ» ብላ ላከችብኝ። ስለዚህ ዘነበች እላታለሁ፤ ስለ በሯም ምንም አልልም።

ሰኞ፣ የካቲት 10፣ ከንጋቱ 11፡30፤ ቡታጅራ መናኸሪያ

ብርዱ ጣት ያደነዝዛል። የሚኒባሱ ጣሪያ በርበሬ በሞሉ ማዳበሪያዎች ተጭኗል፤ ገና ሳንነሳ ተሳፋሪው ሁሉ ያስነጥሳል። እኔ ከሹፌሩ አጠገብ ነኝ።

«ተማሪ ነሽ?»

«አዎ፣ የጤና። አንደኛ ዓመት።»

«ሌላው ለእረፍት ወደ ቤቱ ይገባል፤ አንቺ ከቤትሽ ትወጫለሽ?»

ከውጭ አገር ለመጡ በጎ ፈቃደኞች ላስተረጉም እንደምሄድ በኩራት ነገርኩት።

«ምን ይሠራሉ?»

«ኤች አይ ቪን ይከላከላሉ።»

«ከማን?» አለና መሪውን እየመታ ሳቀ። ከኋላ ያሉትም ሳቁ። እኔም ላለማስከፋት አብሬ ሳቅኩ።

ጢያን አልፈን፣ የመልካ ቁንጥሬን ድልድይ ተሻግረን፣ ዓለም ገና ላይ የመኪና ሰልፍ ያዘን።

ሰኞ፣ 4፡30፤ ሜክሲኮ

ከአየር ጤና የያዝኩት ታክሲ ረዳት «ተጠጋጉ! ቀጫጮች ናችሁ!» እያለ ለሦስት የተሠራ ወንበር ላይ አራት አድርጎ አስቀመጠን። ሜክሲኮ ወርጄ፣ ባቡሩ ከራሴ በላይ እያለፈ፣ የድርጅቱን ሕንፃ ሰው ጠይቄ አገኘሁ። የድርጅቱን ስም አልጠራም።

ስድስት ፈረንጆች ነበሩ፤ የሚቆዩት ሦስት ሳምንት ነው። እኔ የተመደብኩት ለኤማ ነው። በአንድ ዓመት ትበልጠኛለች። ቅን ልጅ ናት፤ የሰማችውን ሁሉ ደብተር ላይ ትጽፋለች። አስተባባሪው አቶ ቢኒያም የኛው አገር ሰው ነው። ደረቱ ላይ የሪባን ሥዕል ያለበት ቀይ ካናቴራ ሰጠኝና «አሁን ቤተሰብ ሆንሽ» አለኝ። እዚያው ከሸሚዜ በላይ ለበስኩት።

ማክሰኞ፣ ጠዋት 3፡00፤ ልደታ

ጤና ጣቢያው ውስጥ እትዬ አስካለን ተዋወቅኩ። ቫይረሱ በደሟ ውስጥ እንዳለ ራሷ ነገረችን። ለዓመታት የሠራችው ሥራ ከቀጠሮ የቀሩ ታካሚዎችን ቤታቸው ድረስ ሄዳ ማበርታት ነው። አካሄዷን እንድናይ ፌስታሏን ከፈተችልን፤ ማበጠሪያ፣ የፀጉር ቅባት፣ ክር። ወደ ሰው ግቢ የምትገባው እንደ ሹሩባ ሠሪ ነው። ባጅ አታንጠለጥልም፣ አትደውልም። በረንዳ ላይ ቁጭ ብላ ፀጉር እየሠራች፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ስለ ኪኒኑ ታወራለች። ጎረቤት ቢመጣ «ለእኔስ መቼ ነው?» ከማለት በቀር የሚጠረጥረው ነገር የለም።

«ከታካሚዎቼ ይልቅ የጎረቤቶቻቸውን ራስ ነው የሠራሁት» አለችን እየሳቀች፣ ፌስታሏን አንጠልጥላ ወጣች።

ኤማ ግን ከነከናት። ሳያሳውቁ ሰው ቤት መሄድ በአገሯ ነውር ነው። አቶ ቢኒያም ወዲያው ተስማማ፤ ከዛሬ ጀምሮ እያንዳንዱ ጉብኝት በስልክ ቀጠሮ ይያዝለት አለ። በስልክ የሚባለውም በእንግሊዝኛ ተጽፎ መጣ፤ ማን እንደሆንሽ፣ ከየት እንደሆንሽ፣ ከየትኛው ክፍል፣ ለምን ጉዳይ። በጥንቃቄ ተረጎምኩት። ከላይ ጨዋነት ጨመርኩበት። እትዬ አስካለ እስክትመለስ ሳልጠብቅ፣ ከቀጠሮ ከቀሩት ዝርዝር የመጀመሪያውን ቁጥር ደወልኩ፤ ሥራ ቶሎ ስጨርስ ደስ እንደሚላቸው አይቻለሁ።

«ጤና ይስጥልኝ፤ ከጤና ጣቢያ፣ ከኤች አይ ቪ ክትትል ክፍል ነው የምደውለው። ለወይዘሮ ዘነበች የቤት ጉብኝት ቀጠሮ ለማስያዝ ነበር።»

 ከወዲያ አንዲት ትልቅ ሴት «ቤቴ ነው የምትኖረው። እነግራታለሁ፣ የኔ ልጅ» አለች።

አመስግኜ ዘጋሁ። አቶ ቢኒያም «ይሄ ነው ፕሮፌሽናል!» አለ። ኤማ አጨበጨበችልኝ።

ስልኩ የተበላሸበት ሰው የጎረቤት ወይም የአከራይ ቁጥር እንደሚያስመዘግብ አላውቅም ነበር ብዬ ማምለጥ አልችልም። የእናቴ ካርድ ላይ ያለው ቁጥር የጎረቤታችን ነው። ያስመዘገብኩት ራሴ ነኝ።

ሐሙስ፣ 4፡00፤ አብነት

እትዬ አስካለ መደወሌን የሰማችው ጠዋት ነው። እኔንና ኤማን «ቀዩን ካናቴራ አውልቁ» ብላን እስከ አብነት ከፊት ከፊታችን ሄደች። በበያጆችና በሶፋ ሠሪዎች መሃል፣ የብረት ብናኝ እየረገጥን፣ ወደ ቅያሱ ገባን። በሩን አከራይዋ ከፈተች፤ ነጠላዋን አጣፍታ የለበሰች፣ ደርባባ ሴት።

«ዘነበች ትናንት ለቀቀች። ወንድሜ ከክፍለ ሀገር ስለሚመጣ ክፍሉን ፈልጌው ነው።»

«የት እንደሄደች ያውቃሉ?» ብዬ ጠየቅኩ።

ፊቷ በራ። «አንቺ ነሽ የደወልሽልኝ! በድምፅሽ አወቅኩሽ። የጨዋ ልጅ ነሽ፤ እግዜር ይስጥሽ፣ ባትነግሪኝ እኮ... ስድስት ዓመት ሙሉ በአንድ ቧንቧ ስንቀዳ!»

«በስድስት ዓመቱ ምን ሆኑ?» አለች እትዬ አስካለ።

«እ?»

«አብራችሁ ስትቀዱ፣ አብራችሁ ስትበሉ ስድስት ዓመት። ምን ያዝዎት ነው የምልዎት?»

በሩ ተዘጋ። ከፊት ለፊት ደጃፍ የቆመች ሴት ፌስታሉን አየች፣ ከፌስታሉ የወጣውን ማበጠሪያ አየች፣ ከዚያ እኛን። ልጇን በክንዱ ይዛ ገባች። እትዬ አስካለ በዚያ ቅያስ ሌሎች ታካሚዎች አሏት። ከዚያ ቀን ወዲህ በሹሩባ ሠሪነት ልትገባበት አትችልም።

ኤማ ምን ተባለ እያለች ትጠይቀኛለች። አመሰገነችኝ አልኳት። እውነቱ እሱ ነበር። እስከዛሬ የዘለፈኝ ሰው ሁሉ ቢሰበሰብ እንደዚያ ምስጋና አያቃጥለኝም።

ዓርብ፣ 8፡00፤ ሜክሲኮ፣ ቢሮ

«ዛሬ መገለል የሚባል ነገር እኮ የለም» አለ አቶ ቢኒያም፤ «ችግሩ ራሷን መደበቋ ነው።» ቅጹ ላይ «ውጤት» በሚለው ቦታ «ጉብኝቱ ተካሂዷል» ብሎ ጽፏል። እስክሪብቶውን አነሳሁና ሰርዤ «ቤቷን አጣች» ብዬ ጻፍኩ።

«ተማሪ ነሽ። ነገ የድጋፍ ደብዳቤ ትፈልጊያለሽ።»

ለታላቅ መልስ ሰጥቼ አላውቅም። «ደብዳቤው ይቅርብኝ። ያስደወላችሁኝ እናንተ፣ የደወልኩት እኔ መሆኔ ይጻፍ።» አልተጻፈም። አዲስ ቅጽ አመጣ።

ኤማ አለቀሰች። ከመብረሯ በፊት ዘነበችን ፈልጋ እግሯ ላይ መውደቅ ፈለገች። እትዬ አስካለ «ተይ በያት። የእሷ ልቅሶም ሌላ ጉብኝት ነው» አለችኝ። ይህንንም ተረጎምኩ፤ በዚህኛው ላይ ጨዋነት አልጨመርኩበትም።

ቅዳሜ፣ 5፡00፤ ሰንጋ ተራ

በእትዬ አስካለ ማጠያየቅ በመጨረሻ ዘነበችን ያገኘናት ግንባታ ጥግ፣ በቆርቆሮ የተከለለ ማብሰያ ውስጥ ነው። ለቀን ሠራተኞች ሽሮና ፓስታ ትሠራለች፤ የምታድረውም እዚያው። እድሜዋ ከሠላሳ አያልፍም። ኪኒኗ የሚያልቀው በማግስቱ ነው፤ ልደታ ጤና ጣቢያ ግን ተመልሳ እንደማትረግጥ ምላለች። እትዬ አስካለ ማንነቴን ነገረቻት።

«ስትደውዪ ምን ላይ ተቀምጠሽ ነበር?» አለችኝ ዘነበች፣ ማማሰያውን ሳትለቅ።

«ወንበር ላይ።»

«እኔ ግቢው መሃል ልብስ እያጠብኩ ነበር። ሴትየዋ ጆሮዋ ስለሚከብዳት ስልኩን በድምፅ ማጉያ ነው የምታወራው። እኔም ሰማሁሽ። ግቢው በሙሉ ሰማሽ። ምን ዓይነት ጥሩ አማርኛ አለሽ!»

ይቅርታ አልኩ። «ይቅርታሽን ወጥ ላድርገው?» አለችና ወደ እትዬ አስካለ ዞረች። «ማንም ወደማያውቀኝ ጤና ጣቢያ የሚያዛውረኝ ወረቀት አምጪልኝ። ስልክ ቁጥር የሌለበት።»

ሰኞ፣ የካቲት 17፤ የመልስ ጉዞ

ጤና ጣቢያው ታካሚዋ ራሷ ካልቀረበች ወረቀት አልጽፍም አለ። ኮምፒውተሩም ስልክ ቁጥር ካልገባለት አያልፍም። እትዬ አስካለ ከክፍል ክፍል ስትመላለስ ትቻት፣ ትምህርት ስለሚጀምር፣ ወደ ቡታጅራ ተሳፈርኩ። በመንገዱ ሁሉ ጥርሴን ነክሼ ነበር፤ በአቶ ቢኒያም፣ በዚያ ቅጽ፣ ለመመስገን ባለኝ ችኮላ። ኪኒን የሌላት እሷ ናት፤ እኔ ቤቴ እገባለሁ።

ከዚያ ወዲህ በየቀኑ ለእትዬ አስካለ ደወልኩ። ከሰላምታ በፊት «ገና ነው» ትለኛለች። አንድ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ራሷ ደወለች። በመጨረሻ ኃላፊዎቹን አሳምና፣ በዘነበች ቁጥር ፈንታ የራሷን አስመዝግባ ወረቀቱን አስወጥታለች።

«መድኃኒቱን ወሰደች። ከተማው ሌላ ጫፍ ካለ ጤና ጣቢያ። ፊቴ ዋጠችው።»

ቆጠርኩ፤ አሥራ ሰባት ቀን ያለ መድኃኒት ቆይታለች። ጎድቷት እንደሆነ በደም ምርመራ ገና ይታያል።

«ስለ እኔ ምን አለች?»

«ምንም።»

መጋቢት 4 ቀን ነበር።