ጎርናናዋ

አክስቴን የማያውቋት ሰዎች ስልክ ላይ ሁልጊዜ «ጌታዬ» ይሏታል። እሷም አታርማቸውም። በወጣትነቷ ስልክ መሥሪያ ቤት ኦፕሬተር ነበረች። «ጌታዬ፣ እባክዎ ቶሎ ያገናኙኝ» ሲሏት፣ «እሺ ጌታዬ፣ መስመር ላይ ይቆዩ» ብላ ታገናኛለች። ራሷ እንደ መርፌ ቀጭን ናት፤ ድምጿ ግን ከጉድጓድ የሚወጣ ነው የሚመስለው። ባልደረቦቿ «ጎርናናዋ» አሏት፤ ስሙ ተጣብቆባት ቀረ።

እኔ ደግሞ ከልጅነቴ ጀምሮ አንድ ነገር ይከነክነኝ ነበር። ይህች ቤት ውስጥ በሹክሹክታ የምታወራ ሴት እንዴት ብላ በቋንቋችን መጀመሪያ ራፕ ያደረገች ሰው ሆነች? የእሷን ታናሽ ወንድም፣ ማለትም አባቴን፣ ጠየቅሁ። አብሯት የሠራውን ቴክኒሻን ጠየቅሁ። እሷንማ ስንቴ እንዳደረቅኋት እሷው ታውቀዋለች።

ሹክሹክታው የመጣው ከአያቴ ነው። አያቴ ልብስ ሰፊ ነበር፤ ልብስ ሰፊዎች በተደረደሩበት መንገድ ላይ የኮት ጌታ እሱ ነው። ልጁ ገና ልጅ ሳለች አፏን በከፈተች ቁጥር «ኧረ ዝግ አድርጊው! እንግዳ ሲሰማ ጓዳ ውስጥ ጎረምሳ የደበቅን ይመስለዋል» ይላታል። እሷም ዝግ አደረገችው። ሙሉ ድምጿን የምታወጣው ሥራ ቦታ ብቻ ሆነ። ስለዚህ አባትየው የልጁን ድምፅ አያውቀውም ነበር ማለት ይቻላል።

ቴክኒሻኑ ኪሱ ፒንሳና ካሴት የማይለየው ሰው ነው። አንድ ቀን በምሳ ሰዓት፣ ወንድሙ ከባሕር ማዶ የላከለትን ካሴት አምጥቶ ለኦፕሬተሮቹ ከፈተላቸው። አንድ ሰውዬ በከበሮ ላይ ይለፈልፋል።

«ይሄ ይጣላል እንጂ መቼ ይዘፍናል!» ብለው ሳቁ።

አክስቴ ብቻ አልሳቀችም። «ከማን ጋር ነው የሚጣላው?» አለች።

«እኔ ቋንቋውን የት አውቄው?» አለ ቴክኒሻኑ።

«እሺ፣ እንደገና አጫውተው።»

እንደገና አጫወተው፤ ከዚያም እንደገና። የሰውየው ምላስ ጠንከር የሚልበት ቦታና ከበሮው የሚመታበት ቦታ አንድ መሆኑን ደረሰችበት። በነጋታው የራሷን ግጥም ይዛ መጣች፤ «መጣ፣ ወጣ፣ ጠጣ» የሚል። ቴክኒሻኑ አዳምጦ አዛጋ። እሷም አልተቀየመችም፤ ለምን እንዳዛጋ ማወቅ ፈለገች። ሳምንት ሙሉ ስታሰላስል ቆይታ እንዲህ አለችው፦

«ገባኝ! እኛ ግሱን የምናቆመው መጨረሻ ላይ ነው። ስለዚህ ቤት መምታት ቀላል ነው፤ ሕፃንም ይመታል። ቀላል ስለሆነ ነው የሚያስተኛው። ቤቱን መሐል ላይ ብናመጣውስ? አንዱን ቃል አንዴ አላልተን፣ አንዴ አጥብቀን ብንለውስ?»

ከዚያ በኋላ ከበሮ ፍለጋ ሆነ። ከበሮ የለም። ቴክኒሻኑ ግን መስመር የሚያገናኙት ማሽኖች የተሰለፉበትን ክፍል በር ከፍቶ «ስሚ» አላት። ሰው ስልኩን በመታ ቁጥር ማሽኖቹ ቀጭ ቀጭ ቋ፣ ቀጭ ቀጭ ቋ ይላሉ። ያንን ቀዳ፤ ሁለት ቴፕ አገናኝቶ ደጋግሞ ገለበጠው። እሷም የኬብል ጥቅልሎች በታጨቁበት ዕቃ ቤት ውስጥ ቆማ፣ ምሳዋን ትታ፣ ድምጿን ለቀቀችው፦

«አባቴ ሰፊ ነው፣ ሰፋልኝ ጠባብ፤
አንገቴ ላይ ቆለፈው የልቤን ሐሳብ።»

የመጀመሪያውን «ሰፊ» ስታላላው ልብስ ሰፊ ይሆናል። ሁለተኛ ስትመልሰው ታጠብቀዋለች፤ ያኔ ሰውየው ሰፊ ሆኖ ልብሱ ብቻ ጠባብ ይሆናል። ሰው በዚህ አበደ። ካሴቱ ከቴክኒሻኑ ወደ አንድ ታክሲ ነጂ፣ ከታክሲ ነጂው ወደ ሌላው እየተገለበጠ ከተማውን አዳረሰ። ስም አልተጻፈበትም። ሰዉ የመሰለውን ስም አወጣለት፤ «ጎርናናው» አለው። ማንም ሴት ትሆናለች ብሎ አልጠረጠረም።

አንድ ደንበኛ ሱሪ ሊያስለካ መኪናውን አያቴ በር ላይ አቁሞ ካሴቱን ከፍቶት ገባ። አያቴ ሜትሩን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ ቀጥ አለ። መጀመሪያ በቃሉ ጨዋታ ሳቀ። ቀጥሎ ነገሩ ገባውና ፊቱ ጠቆረ።

«ይሄ የልብስ ሰፊ ልጅ ነው» አለ። «አባቱን አደባባይ ላይ የሚቦጭቅ የማን ልጅ ነው?»

ሱሪውን ትቶ ሱቅ ለሱቅ ይዞር ጀመር። ጎረቤቱን «ያንተ ልጅ ነው?» አለው።

«የኔ ልጅ አፉን ሞልቶ ‹ደህና ዋሉ› ማለት ያቅተዋል! እሱ ነው ይሄን የሚለው?»

ሦስተኛው ሱቅ ውስጥ ያሉት ሽማግሌ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው «እኔ ልጅ አልወለድኩም። ብወልድና እንዲህ ቢለኝ ግን ደስ ባለኝ» አሉት። አያቴ ሜትሩን እንዳንጠለጠለ ወደ ሱቁ ተመለሰ።

ነገሩ ግን አለቀቀውም። ቁጣው እየበረደ ሄዶ ጉጉቱ ብቻ ቀረ። ከዚያ አንድ ቀን ሌላ ከተማ ያለችውን እህቱን ሊያነጋግር ከአጠገቡ ጫማ መደብር ገብቶ ስልክ አነሣ።

«ሃሎ፣ የት ላገናኝዎ?» አለ ጎርናና ድምፅ።

«አንተ!» አለ አያቴ።

«ጌታዬ?»

«‹አባቴ ሰፊ ነው› የምትለው አንተ ነህ! ይሄን ድምፅ ከሺህ መሐል እለየዋለሁ። አባትህ ማነው? ንገረኝ፣ አልቆጣም። ለማወቅ ያህል ነው።»

አክስቴ እሱን ገና «አንተ» ሲል ነበር ያወቀችው። እጇ መስመር የምታገናኝበት ገመድ ላይ ቀረ። ልትዘጋው ትችል ነበር። «ይኼን ያህል ለማወቅ የፈለገን ሰው እንዴት እዘጋበታለሁ?» አለችኝ ኋላ ስጠይቃት።

«አባዬ፣ እኔ ነኝ» አለችው።



«አባዬ? አለህ?»

«አለሁ» አለ፤ ከዚያም «በይ አክስትሽን አገናኚኝ» አላት።

አገናኘችው። ማታ ራት ላይ አባቴ ልጅ ሆኖ ማዕዱ ጥግ ተቀምጧል፤ ጠብ ይነሣል ብሎ ሁለቱን እያፈራረቀ ያያል። አያቴ ብዙ ካኘከ በኋላ ቀና አለ።

«አንገት ላይ የሚቆለፍ ሸሚዝ ነው» አለ። «እኔ ሸሚዝ ሰፍቼ አላውቅም። ኮት ሰፊ መሆኔን ከተማው ያውቃል። ስትሰድቢኝም አስተካክለሽ ስደቢኝ።»

«እሺ። ጠባቡስ አባዬ?»

«ጠባቡን...» አለና ውኃውን ጠጣ። «ጠባቡን እናስብበታለን።»

ከዚያ ወዲህ ቤት ውስጥ ዝግ አድርጊ ያላት የለም።

በዚህ መሐል አንድ የሙዚቃ ቤት ባለቤት አፈላልጎ አገኛትና ሙሉ ካሴት አሠራት። ካሴቱ ወጣ ሲሏት ሮጣ ሄደች። ሽፋኑ ላይ ጥቁር መነጽር ያደረገ ደረተ ሰፊ ወንድ ቆሟል።

«ይሄ ማነው?» አለች።

«አንቺ ነሻ» አለ ባለቤቱ፣ ዓይኑን ሳያሽ። «ሰው ድምፅሽን ሲሰማ የሚታየው እሱ ነው። እኔ ምን ላድርግ?»

ሌላ ሰው ቢሆን ጠረጴዛ ይገለብጥ ነበር። እሷ ግን ሰውየው ማን እንደሆነ ማወቅ ፈለገችና አድራሻውን ጠይቃ ሄደች። ፀጉር አስተካካይ ነው። ማን መሆኗን ስትነግረው መቀሱን አስቀምጦ ሊያለቅስ ደረሰ።

«እህቴ ድረሽልኝ! በየመንገዱ ‹በል እስቲ› ይሉኛል። ደንበኛ ራሱን ሰጥቶኝ ተቀምጦ ‹እስቲ አንድ ስንኝ› ይለኛል። እንዲያው በፎቶ ምክንያት እንጀራዬ ሊዘጋ ነው!»

ሁለቱ ተማከሩ። በወጣቶች አዳራሽ ዝግጅት ነበር። መጀመሪያ እሱ መነጽሩን አድርጎ ወጣ፤ አዳራሹ ተናወጠ። መነጽሩን አወለቀና በቀጭን ድምፁ «እኔ ፀጉር አስተካካይ ነኝ። ባለ ድምጿ እሷ ናት» ብሎ ማይኩን ሰጣት። አክስቴ የቢሮ ጉርድ ቀሚሷን ለብሳ ብቅ ስትል ሳቅና ፉጨት ሆነ። «ቀልዱን ተዉት፣ ጎርናናውን አምጡ!» ይላል ሕዝቡ።

ማይኩን ወደ አፏ አስጠጋች። የመጣላት የለመደችው ቃል ብቻ ነው።

«ሃሎ፣ የት ላገናኛችሁ?» አለች።

ፉጨቱ ቆመ፤ ድምፁን ለዩት። ከዚያ የሆነውን አባቴ ሲነግረኝ እጁን ያወናጭፋል እንጂ አይጨርሰውም። አያቴ አልነበረም፤ ለሠርግ የሚደርስ ኮት ይዞ ነበር። በማግስቱ ከደንበኞቹ ሲሰማ ዋለ፤ አንዱን ሦስቴ አስወርቶታል ይባላል።

ሁሉ ነገር ግን አልጋ በአልጋ አልሆነላትም። ሬዲዮ «ይሄ ጩኸት ነው» ብሎ ብዙ ጊዜ አላጫወታትም። የሙዚቃ ቤቱ ባለቤት በራሷ ፎቶ ሊያትም ስላልፈለገ ሌሎቹን ካሴቶች በራሷ ደመወዝ አሳተመች። ስልኩ ያለ ኦፕሬተር መሥራት ሲጀምር ወደ ደንበኞች አቤቱታ ክፍል ተዛወረች፤ ቀን የሰው ብሶት ስታዳምጥ ውላ ቅዳሜ መድረክ ላይ ትወጣለች። ፀጉር አስተካካዩ ጡረታ እስኪወጣ ድረስ ከጎኗ ቆሞ ሲያጅባት ኖሯል፤ በዚያች ቀጭን ድምፁ።

ዘንድሮ አንዲት በጣም የታወቀች ወጣት ራፐር ፈልጋት ቤታችን መጣች።

«እትዬ፣ የመጀመሪያዋ ስትሆኚ ምን ተሰማሽ?» አለቻት።

«ማን ነግሮኝ! መጀመሪያ መሆኔን ያወቅሁት ሁለተኛዋ ስትመጣ ነው» አለች አክስቴ። ከዚያ ጥያቄው ተገለበጠ። «አንቺ እዚያ ረጅሙ ስንኝ ላይ ትንፋሽሽን የት ነው የምትወስጂው? ሳዳምጠው ሳዳምጠው አጣሁት።»

ልጅቷ ሳቀች። «እሱን ኮምፒዩተሩ ነው የቆረጠው።»

«እንዴት አድርጎ? አሳዪኝ!»

አሁን በየሳምንቱ ስቱዲዮ ትወስዳታለች። ባለፈው አብሬያቸው ሄጄ በመስታወቱ በኩል አየኋት፤ ማዳመጫውን ራሷ ላይ ደፍታ፣ የምቱን መግቢያ ሦስቴ ስታ፣ ሆዷን ይዛ ትስቃለች። ድምፅ የሚቀዳውን ልጅ «እንደገና አምጣው» አለችው።