ሹፌር የሌለው መኪና

ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ስንወርድ የጋለ ፍሬን ሽታ በሚኒባሱ መስኮት ገባና ልጅነቴን ቀሰቀሰብኝ።

ያኔ አንድ ህልም እየተመላለሰ ያስጨንቀኝ ነበር። ሹፌር የሌለው የጭነት መኪና ጭጋጉን ሰንጥቆ ቁልቁል ይመጣብኛል፤ እግሬ አልነሳ ይለኛል፤ ልጮህ ስል ድምፄ አይወጣም። በኋላ መኝታ ራሱ ያስፈራኝ ጀመር።

አንድ ጠዋት አያቴ ደጃፉ ላይ ፀሐይ እየሞቁ አጠገባቸው አስቀመጡኝና «እስቲ ህልምሽን ንገሪኝ» አሉኝ። ዕድሜያቸውን በዚህ መንገድ ላይ መኪና ሲነዱ የኖሩ ሰው ነበሩ። አልሳቁብኝም።

«ጋቢናው ውስጥ ማንም የለም?»

«ማንም የለም፣ አባባ።»

«እንግዲያው እኔ እገባለሁ። ቢስሚላህ ብለሽ ተኚ። ሲመጣብሽ ቀና ብለሽ መሪው ጋ እዪ፤ ወላሂ እኔን ታገኚኛለሽ።»

«እርስዎስ እንዲህ ያለ ህልም አይተው ያውቃሉ?»

ሻካራ መዳፋቸውን አናቴ ላይ አሳረፉ። «እስካሁንም አያለሁ» አሉ፣ ዓይናቸው ዳገቱ ላይ እንደቀረ።

መኪናው በህልሜ ተመልሶ መጣ። ቀና ስል አያቴ መሪውን ይዘዋል፤ እጃቸውን አውለበለቡልኝና ቀስ ብለው አለፉ።

ከሞቱ ቆይተዋል። ህልሙ ዛሬም አልፎ አልፎ ይመጣል፤ እሳቸውም አብረው ይመጣሉ። የእሳቸውን ህልም ግን ሳልጠይቃቸው ቀረሁ። እዚያ ውስጥ ማን ይደርስላቸው እንደነበር አላውቅም።