ከጆንያ ኋላ የደበቅኩት ዘይት

ተጠራጣሪ ነኝ፤ አልክድም። መካነ ሰላም ገበያ ቅቤ ስገዛ ጣቴን እስከ ሥሩ ሰድጄ ነው የማየው። ባሌ ሲሞት የተወልኝ አንድ የናፍጣ ወፍጮ ነው፤ ሞተሩ ቆመ ማለት እኔም ቆምኩ ማለት ስለሆነ ማንም እንዲነካብኝ አልወድም።

ከሞተሩ የሚወጣውን የተቃጠለ ዘይት ጎረቤት እየወሰደ ምሰሶና አጥር ይቀባበታል፤ ምስጥ አይደፍረውም። የተረፈውን ከወፍጮው በታች ወዳለው ቦይ እደፋው ነበር። ኬሚስትሪ የምታስተምረው ልጄ አንድ ቀን ቦዩ ዳር ቆማ ውሃው ላይ የሚንሳፈፈውን ስታይ ቆየችና፣ «እማየ፣ ይኼ እኮ ይጣራል» አለችኝ።

«ጠላ መሰለሽ?» አልኳት።

አልሰማችኝም። ከአልኮል ወገን የሆነ ፈሳሽ አምጥታ ከተቃጠለው ዘይት ጋር እየበጠበጠች ታስቀምጠው ጀመር። ጥቀርሻው ከሥር ይዘቅጣል፤ የጠለለውን ትቀዳና ፈሳሹን በእንፋሎት አውጥታ መልሳ ትይዘዋለች። እንደ አሲድ መሬት አያበላሽም፣ ደግሞም አይደፋም አለችኝ። ሽታው ግን አረቄ አረቄ ይላል። እኔ ሌላ ነገር ጠርጥሬ ሁለት ቀን ሙሉ አፏን አሸተትኩ።

በመጨረሻ ከከተማ ያስመጣችውን ማጠናከሪያ ጨምራ አንድ ጀሪካን ዘይት አመጣችልኝ። መልኩ ወደ ቡናማ ያደላል። «በዚህ ቀይሪው እማየ። አብሽሪ፣ ምንም አይሆን።»

እሺ አልኳት። ስትሄድ ጀሪካኑን ከባዶ ጆንያዎቹ ኋላ ደበቅኩና ከሱቅ የታሸገ ቆርቆሮ ዘይት ገዝቼ ሞተሩን ሞላሁ። ማር የመሰለ ዘይት ነበር። ክዳኑን እንኳ በጥፍሬ ፈትሻለሁ።

ከሳምንት በኋላ፣ በገበያው ዋዜማ፣ ቤቱ እህል በያዘ ሰው ተሞልቶ ሳለ ሞተሩ አንዴ ጮኸና ተጣብቆ ቀረ። መካኒክ ተጠርቶ ፈታው። ዘይቱን በጣቱ እያሸ፣ «ይኼ ውሃ ነው እንጂ ዘይት አይደለም። ማነው ያመጣው?» አለ።

ሞተሩ ቆመ ሲባል ሰምታ የመጣችው ልጄ ቀደመችኝ። «እኔ ነኝ።»

ሰዉ ሁሉ ዞሮ አያት። እኔ ዝም አልኩ። ያን ዝምታዬን ባሰብኩ ቁጥር አፍራለሁ።

በማግስቱ የማጣሪያ ዕቃዎቿን ከጓሮ ስትሰበስብ አገኘኋት። «ልተወው ነው። እንጀራሽን ዘጋሁብሽ» አለች። ከዚህ በላይ አልቻልኩም። ጀሪካኑን አውጥቼ ፊቷ አስቀመጥኩት። «ሞተሩ ያንቺን አልቀመሰም» አልኳት፤ ቆርቆሮው ውስጥ የተረፈውንም አመጣሁ።

ከሁለቱም አንዳንድ ጠብታ ወረቀት ላይ አደረገች። የእሷ ቀስ ብሎ ተስፋፋ። የሱቁ ወዲያው ወረቀቱን ዘልቆ አለፈና ነጭ ጋዝ ነጭ ጋዝ ሸተተ፤ አንዱ አቅጥኖ መልሶ አሽጎታል። የልጄን አፍ ሁለት ቀን ያሸተትኩ ሴትዮ ቆርቆሮውን አንዴ አላሸተትኩትም። ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ። እሷ ግን ወረቀቱን ትታ እኔን ታይ ነበር።

ሞተሩ ተጠግኖ አሁን የሚሠራው በልጄ ዘይት ነው። ዘይት የምቀይር ቀን ከትምህርት ቤት ቀጥታ መጥታ አጠገቤ ትቆማለች፤ የጀሪካኑን ክዳን ታያለች፣ ጣቷን ነክራ ታሻለች። ባለፈው ጊዜ፣ «ልጄ፣ አታምኚኝም እንዴ?» አልኳት።

«አንቺ ቅጂው እማየ» አለች፤ «እያየሁ ነው።»