ወንድሙን ያጣው የጃፓን ጭራቅ

ከዛሬ ጀምሮ በመላው ሚኒሶታ የጃፓን ፊልም እንደ እኔ የሚገባው ሰው የለም። እሺ፣ በቡርንስቪል። እሺ፣ በእኛ ሶፋ ላይ።

የማታ የእንግሊዝኛ ትምህርቴን የጨረስኩት ባለፈው ሳምንት ነው። እስከዚያ ድረስ ከስክሪኑ ሥር የሚያልፈውን እንግሊዝኛ እያነበበ በአማርኛ የሚነግረኝ አብሮኝ የሚኖረው ግርማ ነበር።

የምንወደው ፊልም ስለ አንድ የወንዝ ጭራቅ ነው። ኤሊ ይመስላል፣ አናቱ ላይ ውሃ የያዘ ሳህን አለው፣ የላስቲክ ልብሱ ዚፕ ከጀርባው ይታያል። ግርማ እንደነገረኝ ውሃ የወሰደበትን ወንድሙን እየፈለገ በየቤቱ ያንኳኳል። እኔም ዚፑን እያየሁ አለቅስ ነበር።

ዛሬ ከሥራ ገብተን ከፈትነው። ጭራቁ በር አንኳኳ። ራሴ አነበብኩት።

«ኪያር አላችሁ?» ይላል።

ቀጣዩ በር ላይም ኪያር።

«ግርማ፣ ወንድሙስ?»

«ወንድም የለውም ባክህ።»

«ይኼን ሁሉ ዓመት ለኪያር ነው ያስለቀስከኝ?»

«ኪያር ነው ብልህ አብረኸኝ ታይ ነበር? ብቻዬን ማየት ደብሮኝ ነው።»

እኔ እኮ ኤርፖርት አብረውኝ ለሚሠሩት ሁሉ የወንድሙን ነገር አውርቼ አንጀታቸውን በልቻለሁ። ነገ በምን ዓይኔ አያቸዋለሁ? ቲቪውን አጥፍቼ፣ በሩን ደርግሜ ወጣሁ።

ያመናችሁት ሰው እንዲህ ጉድ የሠራችሁ ካላችሁ ከሥር ጻፉልኝ። አሁን ራሴ ነኝ የማነበው።

ወጣሁ ያልኩት ግን ውሸት ነው። ፊልሙን ወደ መጀመሪያው መልሼ፣ ዓይኔን ከጽሑፉ ላይ አንስቼ፣ «በል ያንተን አንብብልኝ» አልኩት።