ጋሽ መኩሪያ ያላስረከቡት ቪላ

ልጅ ሳለሁ ከትምህርት ቤት ስወጣ የምሄደው ወደ ቤታችን ሳይሆን፣ በዚያው ሕንፃ ከእኛ በላይ ወደሚኖሩት ወደ ጋሽ መኩሪያ ነበር። እናቴ ከሰዓት በኋላ ካምደን ውስጥ ቢሮ ታጸዳ ስለነበር እስክትመለስ የሚጠብቁኝ እሳቸው ናቸው። የሥጋ ዝምድና የለንም። እንግሊዝ አገር፣ ስቶክዌል የሚባል ሰፈር ባለው በዚያ ሕንፃ ውስጥ አማርኛ የምንናገረው እኛና እሳቸው ብቻ ስለነበርን፣ ዝምድናውን እናቴ በአንድ ሳምንት ውስጥ ፈጠረችው።

ጋሽ መኩሪያ ረጅም፣ ቀጭን፣ ቤት ውስጥ እንኳ ኮታቸውን የማያወልቁ ሰው ነበሩ። ቀኑ ሲመሽ የጣሪያውን መብራት አጥፍተው ጥግ ያለችውን ትንሽ መብራት ብቻ ይተዋሉ፤ ሁለት ዘንግ ካለው የኤሌክትሪክ ማሞቂያቸውም አንዱን ብቻ ያበራሉ። ማሞቂያው መጀመሪያ ሲለኮስ ላዩ ላይ የተኛው አቧራ ይቃጠልና ቀጭን ጭስ ይሸታል፤ ከዚያ ዘንጉ ቀስ እያለ እንደ ፍም ይቀላል። ያኔ የወሬያችን ሰዓት መድረሱን የማውቀው በዚያ ሽታ ነበር። ዛሬም ጥቅምት ገብቶ ማሞቂያ በበራበት ቤት ሳልፍ ጆሮዬ ይቆማል።

ሌላው ልጅ የአንበሳና የቀበሮ ተረት ሲሰማ እኔ የአንድ ቤት ታሪክ እየሰማሁ አደግሁ። ቤቱ ምጽዋ ባሕር ዳር የነበረ ቪላ ነው። ከባሕር በወጣ ድንጋይ የተገነባ፣ አሥራ አራት ክፍል ያለው፣ ከሳሎኑ በረንዳ እስከ ውኃው የሚወርድ የእብነ በረድ ደረጃ ያለው ቤት። ጋሽ መኩሪያ ሲጀምሩ ሁልጊዜ ጉሮሯቸውን ጠርገው «መጀመሪያ ያሠራው ጣሊያኑ ነው» ይሉ ነበር፤ እኔም እግሬን ሶፋው ላይ አጥፌ እቀመጣለሁ።

ጣሊያኑ የጨው ነጋዴ ነበር። ቪላውን ያሠራው ከአገሩ ለምትመጣ ሙሽራ ነው። ሙሽራዋ መጣች፣ አንድ በጋ ሙቀቱን ቀመሰችና በመጣችበት መርከብ ተመለሰች። ከመሄዷ በፊት የግድግዳው ንጣት ዓይኔን አመመኝ ብላው ስለነበር፣ እሷ ከሄደች በኋላ መስኮቶቹን ሁሉ አረንጓዴ አስቀባቸው። ከመሄዷ በፊት አይቀባቸውም ነበር ወይ ብዬ ስጠይቅ ጋሽ መኩሪያ «እሱን ጣሊያኑን ጠይቂው» ይሉኛል። ከእሱ የገዛው ከወዲያ ማዶ የመጣ የመርከብ ባለቤት ዓረብ ነበር፤ የምግብ ጠረጴዛውን አውጥቶ ሸጦ ሳሎኑን ምንጣፍ በምንጣፍ አደረገው፣ ነፋስ እንዲገባም ግድግዳውን አስበሳው። የእሱ መርከብ ሰጠመና ቤቱ በዕዳ ወጣ። ከዚያ ደጃዝማቹ ገዙት።

ደጃዝማቹን ሲተርኩ ጋሽ መኩሪያ ሳቃቸው ይመጣል። ሰውዬው የደጋ ሰው ናቸው፣ ባሕር ይፈራሉ። ውኃው ሌሊት ተነስቶ ይመጣል ብለው ስለሚያምኑ አልጋዎቹ ሁሉ በባሕሩ በኩል ወዳለው ግድግዳ እንዳይጠጉ አዘዙ፤ ሲመጡም ያንን ሁሉ ገንዘብ ያወጡበትን ደረጃ ትተው፣ ጓሮ ዛፍ ሥር፣ ለባሕሩ ጀርባቸውን ሰጥተው ይቀመጡ ነበር። ጋሽ መኩሪያ ወደ ቤቱ የገቡት በደጃዝማቹ ጊዜ ነው፤ ጽሕፈታቸው ያማረ ወጣት ነበሩና የዕቃ ኃላፊ ሆነው ተቀጠሩ።

ከዚያ አብዮቱ መጣ፣ ቤቱም ተወረሰና የባለሥልጣኖች ማረፊያ ሆነ። ይህን ክፍል ጋሽ መኩሪያ የሚተርኩት ቆመው ነው። ሦስት ሰዎች ከነካርቦን ወረቀታቸው መጡ፤ ከደጃዝማቹ ወኪል ጋር አሥራ አራቱንም ክፍል እየዞሩ ያለውን ሁሉ መዘገቡ፤ መጨረሻ ላይ ወኪሉ «አስረካቢ» ብሎ ፈረመ፣ ጋሽ መኩሪያ ደግሞ «ተረካቢ» ብለው ፈረሙ። በአገራችን መሥሪያ ቤት ሰው ከቦታው ሲነሳ ለሚተካው ሳያስረክብ አይሄድም፤ የፈረመበት ማንኪያ ሳይቀር በስሙ ነው። ይህን የተማርኩት ማንበብ ሳልችል ነው ብል አላጋነንኩም። ጋሽ መኩሪያ በየመካከሉ ይጠይቁኝ ነበር። የምዕራቡ ክፍል ይሉኛል፤ ሁለት አልጋ፣ አንድ ቁም ሣጥን፣ አንድ መስተዋት እላለሁ። አልጨረስሽም ይሉኛል። ያኔ ትዝ ይለኝና መስተዋቱ ከታች የተሰነጠቀ እላለሁ።

«ስንጥቁን ካልጠራሽ አንቺ የሰነጠቅሽው ነው የሚመስለው» ይሉኝ ነበር።

ከዚያስ ስላቸው ባለሥልጣኖቹ መጡ፣ ሄዱ፣ ሌሎች መጡ ይሉና እዚያ ላይ ያቆማሉ። የቀረውን ሌላ ቀን እያሉ ዓመታት አለፉ።

አሥራ አንድ ዓመቴ ላይ ጋሽ መኩሪያ መንግሥት በአነስተኛ ኪራይ ሰጥቷቸው የሚኖሩበትን ፍላት ይዘው ለመቆየት እንደገና ፎርም ሞልተው አፕላይ ማድረግ ነበረባቸው። በሰፈሩ ያለ አበሻ ፎርም ሲመጣለት ወደ እኔ ነበር የሚያመጣው፤ እንግሊዝኛዬ ከትልልቆቹ ይሻል ነበር፣ በዚያ ላይ ክፍያዬ አንድ ቸኮሌት ነው። እየተረጎምኩ እየጻፍኩ ስሄድ፣ ከዚህ አገር ውጭ በእርስዎ እጅ ያለ ቤት አለ ወይ የሚል ጥያቄ ጋ ደረስን። የለም ብዬ ልጽፍ ስል ጋሽ መኩሪያ እጄን ያዙኝ።

አለ በይ አሉኝ። እንዴ፣ የመንግሥት አይደለም እንዴ አልኳቸው። የመንግሥት መሆኑን ማን አጣው፣ ባለቤቱማ እኔ አይደለሁም፤ ግን ፈርሜ የተረከብኩት እኔ ነኝ፣ እስከዛሬ ከእጄ የተረከበኝ ሰው የለም፣ የለም ብዬ ከፈረምኩ ዋሸሁ አሉ። እኔም፣ እውነቱን ለመናገር፣ ደስ አለኝ። ቪላውን እወደው ነበር። በጥሩ ጽሕፈቴ፣ ባሕር ዳር፣ አሥራ አራት ክፍል፣ የእብነ በረድ ደረጃ ብዬ ጻፍኩ። የተሰነጠቀውንም መስተዋት አልዘለልኩም።

ወር ሳይሞላ ደብዳቤ መጣ። ባሕር ዳር አሥራ አራት ክፍል ቪላ ያለው ሰው የሕዝብ ፍላት ውስጥ ለምን እንደሚኖር ቀርቦ እንዲያስረዳ፣ ካላስረዳ ፍላቱን እንዲለቅ። እናቴ ደብዳቤውን በቆመችበት ስታስነብበኝ ፊቷ አመድ መሰለ። «አንቺ ልጅ ምን ነካሽ?» አለችኝ። እሳቸውን ምንም አላለቻቸውም፤ እሳቸውን መናገር አይቻልም።

በቀጠሮው ቀን እናቴ ከሥራ ፈቃድ ወስዳ ሦስታችንም ሄድን። የተቀበለችን መነጽር ያደረገች ትሑት ሴት ናት። ቤቱ የማን ነው አለች፣ ጋሽ መኩሪያም ጉሮሯቸውን ጠርገው ከጣሊያኑ ጀመሩ። እኔ ተረጎምኩ። ሴትዮዋ መጀመሪያ ትጽፍ ነበር፣ ደጃዝማቹ ጋ ስንደርስ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። ሲጨርሱ አሁንስ የማን ነው ብላ ጠየቀች።

ጋሽ መኩሪያ ለእኔ ነግረውኝ የማያውቁትን ተናገሩ። ጦርነቱ ከተማው ውስጥ ገባ። ባለሥልጣኖቹ ቀድመው ሄደው ነበር፤ እሳቸውን መጥቶ የሚተካ ሰው ይላካል ተብለው እየጠበቁ ቆዩ፣ የተላከ ሰው የለም። መጨረሻ ላይ በአንዲት ጀልባ ካልወጣህ ትሞታለህ ሲባሉ፣ ባዶው ሳሎን ውስጥ ቆመው ዝርዝሩን ከአንደኛው ክፍል እስከ አሥራ አራተኛው ጮክ ብለው አነበቡት። ተረከብኩ የሚል አልነበረም። በሮቹን ቆልፈው ወጡ። ከዚያ በኋላ አገሩ ሁለት ሆነ፣ ባሕሩም ከነቪላው ወዲያ ቀረ። አሁን የማን እንደሆነ አላውቅም አሉ።

እኔ ይህን ስተረጉም ልጅ ነበርኩና የሚያሳስበኝ ጀልባን በትክክል መተርጎሜ ነበር። ሴትዮዋ ነገሩ ቀላል ነው አለችን። በየትም አገር ቤት የለኝም፣ በኃላፊነቴ ሥር ያለ ቤትም የለም የሚል አንድ ወረቀት አወጣች፤ እዚህ ላይ ይፈርሙ፣ ፍላቱ የእርስዎ ነው አለች። እናቴ እፎይ ብላ አማተበች። ጋሽ መኩሪያ ግን ወረቀቱን በሁለት ጣታቸው መልሰው ገፉት። ሴትዮዋ እስከ ዓርብ ጊዜ ሰጠቻቸው።

እቤት ስንደርስ እናቴ በሕይወቷ ያላደረገችውን አደረገች፣ ትልቅ ሰው ላይ ድምፅዋን ከፍ አደረገች። በዚህ ዕድሜዎ ጎዳና ሊወጡ ነው ወይ፣ ለማን ብለው ነው፣ ቤቱ ፈርሶም ቢሆንስ ማን ያውቃል አለቻቸው። በመጨረሻ ለመነቻቸው፣ በሞቴ አለቻቸው። እሳቸው አልተቆጡም።

«አልማዝ፣ ማስረከብ እንጂ ጥሎ መሄድ አላውቅበትም» አሏት እናቴን። «አንድ ጊዜ አደረግሁት። ሁለተኛ በፊርማዬ አላደርገውም።»

«ለእኔ ያስረክቡኝ» አልኳቸው።

እናቴ ዝም በይ ልትለኝ አፏን ከፈተች። ጋሽ መኩሪያ አተኩረው አዩኝ። ከዚያ የምዕራቡ ክፍል አሉኝ። ሁለት አልጋ፣ አንድ ቁም ሣጥን፣ መስተዋቱ ከታች የተሰነጠቀ አልኩ። የደጃዝማቹ ክፍል አሉኝ። እሱንም መለስኩ። አሥራ አራቱንም ጠየቁኝ፣ አሥራ አራቱንም መለስኩ፤ አንዲት መጋረጃ ብቻ ረሳሁ፣ እሷንም ነገሩኝ። በማግስቱ ከትምህርት ቤት ስመለስ ጠረጴዛው ላይ ወረቀት አስተካክለው ጠበቁኝ። ካርቦን ስላልነበረን ሦስቱንም ቅጂ በእጄ ጻፍኩ፣ ጣቴ ቆሰለ። እሳቸው አስረካቢ ብለው ያንን ረጅም፣ የድሮ ፊርማቸውን ፈረሙ። እኔ ተረካቢ ብዬ ስሜን በአማርኛ ጻፍኩ፤ እናቴ ምስክር ሆነች። ዓርብ ዕለት የሴትዮዋን ወረቀት ሳያቅማሙ ፈረሙላት፣ ፍላቱም ቀረላቸው።

ያላሰብኩት ከዚያ በኋላ ያለውን ነው። ሰኞ ከትምህርት ቤት ስመጣ ጋሽ መኩሪያ በሩን የከፈቱልኝ በሹራብ ነበር፤ ኮታቸው ከበሩ ጀርባ ተሰቅሏል። ማሞቂያው በርቷል፣ አቧራው ሸቷል፣ ትንሿ መብራት በቦታዋ ናት። እግሬን አጥፌ ተቀመጥኩ። ስለ አየሩ አወሩኝ። የጣሊያኑን ይንገሩኝ አልኳቸው።

«እሱን እንግዲህ አንቺ ነሽ የምታውቂው፤ ያስረከበ ሰው አይገባበትም» አሉኝ።

ቀልድ መስሎኝ ነበር። አልነበረም። ጣሊያኑም፣ ዓረቡም፣ ደጃዝማቹም ከዚያ ቀን በኋላ ከአፋቸው አልወጡም። እሳቸው ቀለላቸው፤ እናቴ ከላይ ሲያፏጩ እንሰማቸው ጀመር ብላ ትስቅ ነበር። እኔ ግን ተናደድኩባቸው፣ ዓመታት የቆየ ንዴት ነው። ፍላታቸውን አተረፍኩላቸው፣ በምትኩ ያንን ምሽት ወሰዱብኝ ብዬ ነበር የማስበው። እዚያው ፍላት ውስጥ ኖረው፣ እኔ ዩኒቨርሲቲ ከገባሁ በኋላ አረፉ።

አሁን የምኖረው ኤሌፋንት ኤንድ ካስል የሚባል ሰፈር ነው። ባለፈው ጥቅምት ለራሴ ቤት ፎርም ስሞላ፣ ያው ጥያቄ፣ ቃሉ ትንሽ ተለውጦ፣ ስልኬ ላይ መጣ። ከዚህ አገር ውጭ ቤት አለሽ? ጣቴ ቆመ። ሳቅሁም። አንድ ጊዜ ያንን የባሕር ዳርቻ ከላይ በተነሳ ፎቶግራፍ ፈልጌ አይቼው ነበር፤ ጣሪያቸው የወደቀ ብዙ ቤቶች አሉ፣ የትኛው እንደሆነ አልለየሁትም። ማን እንደያዘው፣ ሆቴል ይሁን ፍርስራሽ፣ የሚነግረኝ ሰው አላገኘሁም። እስከማውቀው ድረስ ከእጄ የተረከበኝ የለም።

እስቲ ብዬ ስልኩን አስቀምጬ ክፍሎቹን በጣቴ መቁጠር ጀመርኩ። ሳሎኑ። የምዕራቡ ክፍል፣ ከነስንጥቁ። የደጃዝማቹ። የምግቡ፣ ጠረጴዛ የሌለው። እየዞርኩ ሄጄ አሥራ ሦስት ላይ አለቀብኝ። እንደገና ከበሩ ጀመርኩ፣ እንደገና አሥራ ሦስት። ወረቀቱ የለም፤ የጋሽ መኩሪያ ቅጂ ፍላቱ ሲጸዳ ሄዷል፣ የእናቴ ቤት ስትቀይር ጠፍቷል፣ የእኔን የት እንዳደረስኩት አላውቅም። ለእናቴ ደወልኩላት። እሷ የምታስታውሰው ጣቴ መቁሰሉን ብቻ ነው።

የለኝም የሚለውን ተጫንኩና ላክሁት። አንድ ሰከንድ አልፈጀም። ጋሽ መኩሪያ ሲያስረክቡኝ አሥራ አራት ክፍል ነበር፤ አንዱ የጠፋው በእኔ እጅ ነው።