ፀሐይ የራቀው ገመድ

ግቢያችን ውስጥ ብዙ ተከራይ አለ፤ የልብስ ማስጫው ገመድ ግን የእሳቸው ነው። ስማቸውን የሚጠራ ሰው የለም፤ ትልቁም ትንሹም «እትዬ ገመድ» ይላቸዋል። እሳቸውም አይከፋቸውም። «ስሜ አብልቶኝ አያውቅም፤ ገመዴ ግን እያበላኝ ነው» ይላሉ።

የሚያጥቡት የሰው ልብስ ነው። ማጠቡን ግን ከሥራ አይቆጥሩትም። «ውሃና ሳሙና ያገኘ ሁሉ ያጥባል፤ ቁም ነገሩ ማድረቁ ላይ ነው» ባይ ናቸው። ልብስ ሲቀበሉ መጀመሪያ በሁለት ጣት ያሹታል። ናይለን ከሆነ ሐሳብ የለም፤ ውሃ አይጠጣም፣ አንዴ ሲራገፍ ግማሹ መሬት ላይ ነው። ስስ የጥጥ ሸሚዝም ቶሎ ይደርቃል፤ አንገትጌው ብቻ ድርብ ስለሆነ ወደ ኋላ ይቀራል። ጂንስ እግሩ ሲደርቅ ኪሱና ወገቡ ገና እርጥብ ነው፤ ስለዚህ ገልብጠው፣ ኪሱን ወደ ውጭ አውጥተው ያሰጡታል። የሱፍ ሹራብ ገመድ ላይ አይወጣም፤ ውሃው ወደ ታች እየጎተተ እጅጌውን የዝንጀሮ እጅ ያደርገዋል። እሱን በደረቅ ጨርቅ ጠቅልለው ይጫኑትና ጠረጴዛ ላይ ዘርግተው ይተዉታል።

መድረቁን በእጃቸው አያረጋግጡም። ውሃ ውስጥ የዋለ እጅ እርጥቡንም ደረቁንም አንድ ያደርገዋል። ልብሱን ከንፈራቸውን ያስነኩታል፤ ከቀዘቀዘ ገና ነው።

ከደንበኞቻቸው ሁሉ የማያቋርጠው ፀጉር አስተካካዩ ነው። ማታ ማታ ያገለገለ ፎጣ በከረጢት ይልካል፤ በማግስቱ ታጥቦና ደርቆ ይመለስለታል። ሌላው ደንበኛ ሲመጣ ይመጣል፣ ሲቀር ይቀራል። ቤቱን ያቆመው ይህ ፎጣ ነው። ባለቤታቸው ጫኝና አውራጅ ነበሩ፤ ወገባቸው ከተያዘ ወዲህ በር ላይ ተቀምጠው የልብስ መቆንጠጫ ይጠግናሉ፤ በቀረው ጊዜ ያፌዛሉ።

አምና ከአጥሩ ማዶ ሕንፃ ተጀመረ። አንድ ፎቅ ሳለ ማንም ከቁም ነገር አልቆጠረውም። ከፍ እያለ ሲሄድ ግን ገመዱ ከረፋዱ ጀምሮ ጥላ ውስጥ ይገባ ጀመር። ፀሐይ የሚነካው ጫፉን ብቻ ሆነ። እትዬ ገመድ ያቺን ጫፍ ለማብቃቃት ፎጣውን ሁሉ እኩል እያጠፉ እዚያው ደራረቡት። ላዩ ይደርቃል፤ ውስጡ ይታፈናል።

አንድ ቀን ፀጉር አስተካካዩ ራሱ መጣ።

«እትዬ፣ ደንበኛዬ ፊቱን ስጠርግለት ምን እንዳለኝ ያውቃሉ?»

«ምን አለህ?»

«‹ይሄ ፎጣ ነው ወይስ ዝናብ የመታው ውሻ?› አለኝ።»

ባለቤታቸው ከበሩ ላይ ሳቁ። እሳቸው አልሳቁም።

«ፀሐዬን ወሰዱብኝ እኮ፣ ልጄ።»

«ታዲያ እሱን ለደንበኛ ልንገረው? እስከ ቅዳሜ ልይ። ካልሆነ በማሽን ለሚያደርቁት እሰጣለሁ። አይቀየሙኝ።»

ሲሄድ ባለቤታቸው «እንግዲህ ምን ይደረጋል፣ ሕንፃውን ገፋ አድርጊው አልልሽ» አሉ።

ከግቢው በር ወደ ውስጥ የሚያስገባ ጠባብ መተላለፊያ አለ። ፀሐይ አይቶ አያውቅም። የቆርቆሮ በሩ ግን ነፋስ እየመታው ቀኑን ሙሉ ሲንጓጓ ይውላል፤ ሕንፃው ከቆመ ወዲህ ደግሞ ብሶበታል። ተከራዩ ሁሉ የሚረግመው በር ነው፤ ያለፈ ያገደመ እንዳይከፈት ድንጋይ ያስደግፈዋል። በማግስቱ እትዬ ገመድ ድንጋዩን አንስተው በሩን ወለል አድርገው ከፈቱት። አንዱን ፎጣ እዚያ፣ አንዱን የቀድሞው ገመድ ላይ ዘርግተው ሰቀሉ። ቀድሞ ከንፈራቸው ላይ መቀዝቀዙን የተወው የመተላለፊያው ነው። ፀሐይ ውሃውን ታሞቀዋለች እንጂ ይዞት የሚሄደው ነፋስ ነው፤ አየሩ ከቆመ እርጥበቱም እዚያው ይቆማል።

ነገር ግን የመተላለፊያው የመጀመሪያ ክፍል የአንድ ሽማግሌ ልብስ ሰፊ ቤት ነው። ሽማግሌው የስፌት መኪናቸውን በራቸው ሥር አድርገው ይሰፋሉ።

«ማነው በሩን የከፈተው?»

«እኔ ነኝ፣ ጋሼ።»

«አንቺ ልጅ፣ ነፋስ ልታስመቺኝ ነው? ይሄ ትከሻዬ እኮ ከሬዲዮ ቀድሞ ነው ዝናብ የሚያወራው!»

«ጋሼ፣ በሩ ከተዘጋ ፎጣው አይደርቅም። ፎጣው ካልደረቀ ሥራዬ ይሄዳል።»

«በሩ ከተከፈተ እኔ እሄዳለሁ! ወደ መቃብር!»

እትዬ ገመድ ቤታቸው ገብተው ከአልጋቸው ላይ ወፍራሙን ብርድ ልብስ ገፈፉና ይዘው ተመለሱ።

«ጋሼ፣ ለዚህ መስቀያ ይስፉለት።»

«የማን መጋረጃ ነው?»

«የእርስዎ በር መጋረጃ።»

ሽማግሌው ብርድ ልብሱን ዳበሱት።

«እናንተስ ምን ልትለብሱ ነው?»

«እኔ አለሁ አይደለም እንዴ!» አሉ ባለቤታቸው ከወዲያ። «እኔ ከብርድ ልብስ አንሼ ነው?»

«አንተማ ከመች ወዲህ ነው የሞቅኸው?» አሉ ሽማግሌው፣ መርፌያቸው ውስጥ ክር እያስገቡ። «እሺ፤ ማታ ግን በሩ ይዘጋል። ፎጣሽም መነጽሬን እንዳይመታ።»

መተላለፊያው ውስጥ አዲስ ገመድ ከሰው ራስ ከፍ ብሎ ታሰረ። ፎጣው ሳይታጠፍ በጠርዙ ብቻ፣ እርስ በርሱ ሳይነካካ ተንጠለጠለ። ረጃጅሞቹ ተከራዮች ጎንበስ ብለው ማለፍ ለመዱ፤ ያልለመደውን ፎጣው በጥፊ ይመታዋል።

ቅዳሜ ፀጉር አስተካካዩ መጣ። ከከረጢቱ የላይኛውን ትቶ ከመሐል አንድ ፎጣ መዘዘ። አሸተተው፤ ጠርዙን ጨመቀው፤ ጉንጩ ላይ አደረገው።

«ፀሐዩን ከየት አመጡት?»

«ምን ፀሐይ አለ? ያ የምትሰማው በር ነው።»

ፀጉር አስተካካዩ ያገለገለ ፎጣ የያዘውን የዕለቱን ከረጢት ደጃፍ ላይ አኑሮ ሄደ።

መተላለፊያው አጭር ነው፤ ከፎጣው ሌላ ብዙ አይችልም። ስለዚህ እትዬ ገመድ ወፍራም መጋረጃና አልጋ ልብስ መቀበል አቁመዋል። ሁለት የቆዩ ደንበኞች ተቀይመዋል። አንደኛዋ መጋረጃዋን እንደታቀፈች «ታዲያ የት ልውሰደው?» ስትላቸው እጇን ይዘው እስከ መንገዱ ሸኟት፤ በማሽን የሚያደርቁትን ቤትም በጣታቸው አሳዩዋት።